ከጎተራው የወጣው ዘር

“ጤፋችንን ሆላንዶች ወሰዱብን” የሚለው ወሬ ያልደረሰበት ቤት የለም። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥም፣ ዋሽንግተን ዲሲ የሀበሻ ሱቅ ውስጥም ይነሳል። አንዱ ስለ ፓተንቱ ሰምቷል፣ ሌላው ስለ ፍርድ ቤቱ፣ ሦስተኛው “መንግሥት ራሱ ነው የሸጠው” የሚለውን ይዟል። እውነተኛው ታሪክ ከሦስቱም ይረዝማል። ኢትዮጵያ የጤፍን ውል ስትፈርም በጊዜው በዓለም ላይ ከነበሩት መሰል ውሎች ጥሩ ከሚባሉት አንዱን ነው የፈረመችው። በገንዘብ ያገኘችው ግን 4,000 ዩሮ ብቻ ነው። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ከጤፉ ቀድመው የሄዱትን ገብስ፣ ማሽላና እንዶድ መከተል ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1926–1927፦ የቫቪሎቭ ቅፍለት

የኢትዮጵያ ዘር ባሕር የተሻገረው ትናንት አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ማዕከል ከዚሁ አገር ያገኘውን ጤፍ ወደ ሕንድ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ደቡብ አፍሪካ አከፋፍሎ ነበር። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ማሳ ለዓለም ምን እንደሚያህል በሳይንስ ያሳየው ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው።

ቫቪሎቭ በጂቡቲ በኩል ገብቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ፣ የበቅሎ ቅፍለት ይዞ ወደ ሰሜን ወጣ። በየገበያው እየቆመ እህል ይገዛል፣ በየማሳው እየገባ ዛላ ይቆርጣል። ያስገረመው ነገር ለእኛ ተራ ነገር ነበር። በአንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ ነጩ፣ ቀዩና ሐምራዊው ስንዴ፣ ፂም ያለውና የሌለው ተደባልቆ ይበቅላል። ለአውሮፓ ገበሬ ይህ ዝርክርክነት ነው። ለኢትዮጵያ ገበሬ ግን ዝናቡ ቢያጥር አንዱ፣ ዋግ ቢመታ ሌላው እንዲተርፍለት ሆን ብሎ ያደረገው ነው። ቫቪሎቭ በሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ይዞ ወደ ሌኒንግራድ ተመለሰ፤ አቢሲኒያንም የዓለም ሰብሎች ከተገኙባቸውና ዓይነታቸው ከበዛባቸው ጥቂት ማዕከላት መካከል አስቀመጣት።

ቫቪሎቭ በ1943 በስታሊን እስር ቤት ሞተ። ሌኒንግራድ በጀርመኖች በተከበበችበት ጊዜ ባልደረቦቹ የዘር ክምችቱን ከመብላት ይልቅ አጠገቡ በረሃብ ማለቅን መረጡ። ለዘር እንዲህ ያለ ክብር የሰጡ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም በዚያ ዘመን ለባለማሳው ምን ይድረሰው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ሰጪውም ሰጠሁ፣ ወሳጁም ዕዳ ገባሁ አላለም። እንግዳ መጥቶ እፍኝ ዘር ቢለምን መከልከል በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድ ነውር ነው።

ከ1950ዎቹ እስከ 1973፦ ገብስ ለካሊፎርኒያ፣ ማሽላ ለላቦራቶሪ

በ1950ዎቹ በካሊፎርኒያ የገብስ ማሳዎች ላይ አንድ በሽታ ገባ። ቅጠሉን ቢጫ ያደርጋል፣ ተክሉን ያቀጭጫል፤ የሚያስተላልፉት ክሽክሽ የሚባሉት ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። የዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ ከ6,000 በላይ የገብስ ዓይነቶችን አንድ በአንድ ፈተሹ። በሽታውን የተቋቋሙት ከመቶ ትንሽ የበለጡ ሲሆኑ፣ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። መከላከያውን የያዘው የዘር ባሕርይ ወደ አሜሪካ ገብስ ተዳቅሎ ገባና ማሳዎቹ ተረፉ። ይህ አንድ ባሕርይ ለካሊፎርኒያ ገበሬ በየዓመቱ ያተረፈው በብዙ ሚሊዮን ዶላር እንደሚቆጠር በዘርፉ ደጋግሞ ተጽፏል። ገብሱን በደጋው አየር፣ በብርድና በእርጥበት ውስጥ ለዘመናት እየመረጠ ያቆየው ገበሬ ግን ስለዚህ ጉዳይ ሰምቶም አያውቅም።

በ1973 ደግሞ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሺዎች ከሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶች መካከል ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር በብዛት ያለባቸው ሁለት ዓይነቶች ማግኘታቸውን አሳወቁ። ሁለቱም ከወሎ የተሰበሰቡ ነበሩ። ማሽላ በላይሲን ድሃ ስለሆነ ግኝቱ ትልቅ ዜና ሆነ። የወሎ ገበሬ ይህን ማሽላ “ወተት በጉንጬ” ይለዋል። ከሌላው ማሽላ መሃል ጥቂት ዘለላ ይዘራና እሸቱ ሳይደርቅ ጠብሶ ልጆቹን ያበላል። ተመራማሪዎቹ በመሣሪያ ያረጋገጡት ነገር እናቶች ቀድመው ያወቁት ነገር ነበር።

ግኝቱ በወጣበት ዓመት ወሎ ራሷ በረሃብ እያለቀች ነበር። ሁለቱን ዜናዎች ጎን ለጎን አድርጎ የጻፈ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ከ1964 እስከ 1993፦ የአድዋ ወንዝና የቶሌዶ ፓተንት

የእንዶድ ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ ተመራማሪው የራሳችን ሰው ነበሩና።

ወጣቱ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት አድዋ ነበሩ። ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ወቅጠው በውሃ ይዘፈዝፉታል፣ አረፋው እንደ ሳሙና ይወጣል፣ ነጠላና ጋቢው በዚያ ይታሻል። አክሊሉ ከማጠቢያው በላይ ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት እንዳሉ፣ ከማጠቢያው በታች ግን ሞተው እንደተንሳፈፉ አዩ። ከሴቶቹ ጥቂት እንዶድ ለምነው በሕይወት ባሉት ላይ ሞከሩት፤ ሞቱ። ውድ ኬሚካል ከውጭ የሚገዛለት ሥራ በየጓሮው በሚበቅል ፍሬ ሊሠራ እንደሚችል የታወቀው እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ትግል ነበር። ዓለም አቀፍ የጤና ድርጅቶች ግኝቱን ለመቀበል ዓመታት ፈጀባቸው። አክሊሉ በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተገኘ ውጤት በራሱ እምነት እንደማይጣልበት፣ ሙከራውም ሁሉ በሀብታም አገሮች እንደገና እንዲሠራ መጠየቁን በምሬት ተናግረዋል። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር “አማራጭ ኖቤል” የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

በዚያው ሰሞን በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የሜዳ አህያ ዓይነት መስመር ያለበት ባለ ዛጎል ፍጥረት እየተራባ የኃይል ማመንጫዎችን የውሃ ቧንቧ ይደፍን ጀመር። አክሊሉ በኦሃዮ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲን ሲጎበኙ እንዶዱ በዚህም ላይ ተሞከረና ሠራ። ዩኒቨርሲቲው ለዘዴው የፓተንት ማመልከቻ አስገባ፤ በ1993 ተሰጠው። በፈጠራው ላይ የአክሊሉ ስም ከሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጋር ተመዝግቧል። ባለመብቱ ግን ዩኒቨርሲቲው ነበር። በአድዋ ወንዝ ዳር እንዶድ ሲወቅጡ የነበሩት ሴቶች በፓተንቱ ውስጥ የሉም፤ እንዲኖሩ የሚያስገድድ ሕግም በዓለም ላይ አልነበረም። እኔ በዚህ ታሪክ አክሊሉን አልወቅስም፤ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለድሃ አገሮች ጤና ነው። ችግሩ ከአንድ ሰው ቅንነት በላይ ነበር። ዕውቀት በጽሑፍ ካልሰፈረና በላቦራቶሪ ካልተሞከረ በስተቀር እንደ ዕውቀት አይቆጠርም ነበር።

ከ1976 እስከ 1991፦ ዘሩን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ

በ1976 በጀርመን እርዳታ አዲስ አበባ ላይ የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል ተቋቋመ። ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው መሥሪያ ቤት መነሻው ይኸው ነው። እስከዚያ ድረስ ኢትዮጵያዊ ዘር የሚጠናውም የሚከማቸውም በሌሎች አገሮች ነበር፤ ከ1976 በኋላ አገሪቱ የራሷ ማቀዝቀዣ፣ የራሷ መዝገብ፣ የራሷም ሰብሳቢዎች ኖሯት።

ማዕከሉን ከ1979 ጀምረው የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ። በ1980ዎቹ ድርቅ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር ሲበላ፣ የማዕከሉ ሠራተኞች ዘሩ ከምድረ ገጽ እንዳይጠፋ ድርቁ ወደ ከፋባቸው አካባቢዎች ሄደው ይሰበስቡ ነበር። ከድርቁ በኋላ መላኩ ያደረጉት ነገር ለእኔ የዚህ ታሪክ ሁሉ እምብርት ነው። የተሰበሰበውን ዘር ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆልፈው አላስቀሩትም። በካናዳ ድርጅት ድጋፍ ለወሎና ለሸዋ ገበሬዎች የራሳቸውን ማሽላና የአገሩን ስንዴ መለሱላቸው። ገበሬውና ሳይንቲስቱ አብረው መረጡ፣ አብረው አራቡ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ብቻ ይሰበክ በነበረበት ዘመን ይህ ድፍረት ነበር። እርሳቸውም በ1989 ያንኑ “አማራጭ ኖቤል” ተሸለሙ።

ከምርምር የሚገኝ ጥቅም ወደ ማኅበረሰቡ ተመለሰ ለማለት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን አላውቅም። ገንዘብ አልነበረበትም፣ ጠበቃም አልነበረበትም። የተመለሰው ዘሩ ራሱ ነው።

ከአገር ውጭ ግን ሕጉ ገና አሮጌው ነበር። በ1983 በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የጸደቀው ሰነድ የሰብል ዘር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ቅርስ መሆኑን አወጀ። አባባሉ ያምራል። በተግባር ግን የገበሬው ዘር የጋራ ሲሆን፣ ከዚያው ዘር በኩባንያ ላቦራቶሪ የተዳቀለው የግል ነበር። በዚያው አሥር ዓመት ኢትዮጵያን የሚያውቅ አንድ አሜሪካዊ በአይዳሆ ጤፍ መዝራት ጀመረ። ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ኢትዮጵያውያንም ደንበኞቹ ሆኑ። ለስደተኛው እንጀራው ነፍስ ነው፤ ማንም አልከፋውም።

ከ1992 እስከ 2000፦ ተወልደ ብርሃንና አዲሱ ሕግ

በ1992 በሪዮ ዴ ጄኔሮ የተፈረመው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት የጨዋታውን ሕግ ቀየረ። ከዚያ ወዲያ ዘሩ የጋራ ቅርስ ሳይሆን የአገሩ ሉዓላዊ ሀብት ሆነ። ሊወስድ የሚፈልግ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ውል ይገባል፣ ካተረፈ ያካፍላል። ኢትዮጵያ በ1994 ስምምነቱን አጸደቀች።

በዚህ ድርድር የአፍሪካ ድምፅ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። ለስለስ ብለው የሚናገሩ፣ ግን አንድ ቃል ከአንቀጽ ላይ ሲሾልክ የማያልፉ ተደራዳሪ። ሀብታሞቹ አገሮች የሚያውቁት ባለመብት ሰው ወይም ኩባንያ ብቻ ነበር። ተወልደ ብርሃን ግን ማኅበረሰብም ባለመብት ነው ብለው ተከራከሩ፦ ዕውቀቱ የአንድ ሰው ፈጠራ ሳይሆን የትውልድ ቅብብሎሽ ነውና። በ1995 የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሮ ንብረት ስምምነት የሕይወት ዘሮች ላይ ፓተንት እንዲሰጥ በሩን ሲከፍት የአፍሪካ ቡድን የተቃወመው በዚሁ መሠረት ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1998 የማኅበረሰቦችን፣ የገበሬዎችንና የዘር አዳቃዮችን መብት የሚያስቀድም ሞዴል ሕግ ለአባል አገሮቹ አቀረበ። ተወልደ ብርሃን በ2000 “አማራጭ ኖቤል” ሲሸለሙ፣ ዘርንና ዕፅዋትን በሚመለከት ይህን ሽልማት ያገኙ ኢትዮጵያውያን አራት ሆኑ።

አገሪቱ በዓለም መድረክ ላይ በዚህ ልክ ቀድማ ሄዳ፣ በራሷ ቤት ውስጥ ግን ሕጉን ገና አላወጣችም ነበር። የጤፉ ጉዳይ የመጣው በዚህ ክፍተት ነው።

ከ2003 እስከ 2005፦ የጤፍ ውል

በመጀመሪያ ስለ ጤፉ ራሱ። የደብረ ዘይት እርሻ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ጤፍን ለማዳቀል ለዓመታት ሲቸገሩ ኖረዋል፦ አበባው ራሱን በራሱ ያራባል፣ ፍሬው ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ አበባው መቼ እንደሚከፈትም አይታይም ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈተው ማለዳ፣ ከፀሐይ መውጫ በኋላ ባለው አጭር ጊዜ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ጎህ ሲቀድ ተነስተው፣ በማጉያ መነጽር ሥር በቀጭን መርፌ ወንዴውን እያወጡ ያዳቅላሉ። በዚህ ዓይነት ሥራ ነው የተሻሻሉት ዝርያዎች የወጡት። የተሻሻሉት ደግሞ ከገበሬው ከተሰበሰቡት ነው።

በ2003 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት ጋር መግባባት ላይ ደረሰና የ12 ዝርያዎች 1,440 ኪሎ ግራም የጤፍ ዘር ወደ ሆላንድ ተላከ። በአውሮፓ ግሉተን የማይስማማቸው ሰዎች ቁጥር እየታወቀ የመጣበት ጊዜ ነበር፤ ጤፍ ግሉተን የለውም። ኩባንያው ገበያውን ቀድሞ አይቶታል።

በዚያው ዓመት ኩባንያው በሆላንድ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን በሚመለከት የፓተንት ማመልከቻ አስገባ፤ በ2004 ደግሞ ወደ አውሮፓ ፓተንት ቢሮ ወሰደው። አንባቢ ይህን ቅደም ተከተል ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ማመልከቻው ሲገባ ዋናው ውል ገና አልተፈረመም።

በዚያው 2004 ሌላ ዜና ተሰማ። የብራዚል ተመራማሪዎች በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው የቡና ተክል ማግኘታቸውን “ኔቸር” በተባለው መጽሔት አሳወቁ። የተክሎቹ ምንጭ በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ ዘር ነበር። ዘሩ የወጣው ከሪዮ ስምምነት በፊት ስለሆነ አዲሱ ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይደርስበትም። አዲስ አበባ ላይ ቁጣ ቢነሳም በሕግ የሚያዝ ነገር አልነበረም። ቢያንስ ከዚህ በኋላ የሚወጣው በውል ይውጣ የሚለው ስሜት የጠነከረው በዚህ ድባብ ውስጥ ነው።

በሚያዝያ 2005 የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት፣ የምርምር ድርጅቱና ከዚሁ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የተያያዘው ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ለአሥር ዓመት የሚጸና ውል ፈረሙ። ውሉን ያነበበ ሰው ጥሩ መሆኑን መካድ አይችልም። ኩባንያው ከጤፍ ዘር ሽያጭ ከሚያገኘው የተጣራ ትርፍ 30 በመቶ ይከፍላል። ከጠቅላላው የተጣራ ትርፉ 5 በመቶ፣ በማናቸውም ሁኔታ በዓመት ከ20,000 ዩሮ ሳያንስ፣ ለጤፍ አብቃይ ገበሬዎች ኑሮ መሻሻልና ለጤፍ ልማት ለሚውል ፈንድ ያስገባል። በጤፍ የዘር ሀብት ላይ የአእምሮ ንብረት መብት አይጠይቅም። እንጀራን የመሰሉ የአገሩ ባህላዊ ምግቦች ከፈቃዱ ውጭ ናቸው። የምርምር ውጤቱንም ያካፍላል። በውጭ አገር የጻፉ ባለሙያዎች ውሉን ለሌሎች አገሮች በአርአያነት ጠቅሰውታል።

ያን ዕለት ከፈረሙት መካከል ግን ገበሬ አልነበረም። የአደአ፣ የምንጃር፣ የብቸና ገበሬዎች በውሉ ውስጥ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ ተዋዋዮች አይደሉም። ሲጣስ “ውሌ ተጣሰ” ብሎ የሚነሳ፣ በየዓመቱ ፈንዱ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ባለጉዳይ በውሉ አልተፈጠረም። እኔ ለደረሰው ሁሉ የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው እላለሁ።

ከ2006 እስከ 2009፦ ሕጉ ሲመጣ ኩባንያው ሄደ

በ2006 ፓርላማው አዋጅ ቁጥር 482ን አወጣ፤ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን፣ ማለትም የሚገኙበትን መንገድ፣ የማኅበረሰቦችንም መብት የሚደነግግ ሕግ ነው። ሀብቱ የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ ፈቃድ ያለ ኢንስቲትዩቱ እንደማይገኝ፣ መንግሥት ከሚያገኘው የገንዘብ ጥቅም ግማሹ ለማኅበረሰቡ እንደሚደርስ ደነገገ። ማኅበረሰብ በዕውቀቱ ላይ ፈቃድ የመስጠትና የመከልከል መብት እንዳለውም በጽሑፍ ሰፈረ። የተወልደ ብርሃን ሐሳብ በአገሩ ሕግ ሆነ። የጤፉ ውል ግን ከአዋጁ አንድ ዓመት ቀድሞ ተፈርሟል።

በጥር 2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ለኩባንያው ፓተንቱን ሰጠ። የፓተንቱ እምብርት አንድ የዳቦ ጋጋሪዎች መለኪያ ነው። ዱቄት በሙቅ ውሃ ተበጥብጦ፣ አንድ ዘንግ በውስጡ እስኪሰምጥ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይለካል። አዲስ የታጨደ እህል ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ እህሉ ከተወቃ በኋላ ሳምንታት ከቆየ ይጨምራል። ፓተንቱ ይህ ቁጥር ቢያንስ 250 የሆነን የጤፍ ዱቄት፣ ከሌላ ዱቄት ጋር ያለውን ድብልቅ፣ ከእሱ የሚሠራውንም ሊጥና ምርት በሙሉ ያዘ። ጤፍን አውድማ ላይ ወቅቶ፣ ጎተራ ውስጥ አክርሞ፣ ከዚያ ማስፈጨት በኢትዮጵያ እያንዳንዱ ቤት ያለ ነገር ነው። ኩባንያው የጤፍን ዘር የእኔ ነው አላለም፤ በውሉ የተከለከለው እሱ ነበርና። ያለው “ዱቄቱ የእኔ ነው” ነው። በፓተንቱ ኃይል በሆላንድ፣ በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ደህና የጤፍ ዱቄት የሚሸጥ ማንም ሰው፣ ኢትዮጵያዊ ላኪም ቢሆን፣ ከኩባንያው ጋር ይጋጭ ነበር። ኢትዮጵያ በውሉ ገበያ አገኛለሁ ስትል፣ በፓተንቱ ገበያው ተዘጋባት።

ይህን በጊዜው ማን ይከታተል? ኢንስቲትዩቱ የአውሮፓን የፓተንት መዝገብ በየወሩ የሚያነብ ክፍል አልነበረውም። ፓተንት ሲሰጥ መቃወም ይቻላል፤ ለዚያ ግን ጠበቃ፣ ለጠበቃውም ብዙ ዩሮ ያስፈልጋል። በውሉ ላይ የተጻፈው መብት ሁሉ የማስከበሪያ ወጪ ነበረው፤ ያን ወጪ ማን እንደሚሸፍን የሚል አንቀጽ አልነበረም።

በነሐሴ 2009 ኩባንያው ኪሳራ አወጀ። ትርፍ አላገኘሁም ስላለ ከትርፍ የሚከፈል ድርሻ አልመጣም። ለገበሬዎች የታሰበው ፈንድም ሥራ አልጀመረም። ኢትዮጵያ በጠቅላላው የደረሳት 4,000 ዩሮና ተጀምሮ የተቋረጠ አንድ አነስተኛ የምርምር ሥራ ነው። ፓተንቱ ግን ከኩባንያው ጋር አልሞተም። ከኩባንያው ኃላፊዎች ጋር የተያያዙ ሌሎች ድርጅቶች ያዙት። እነሱ ደግሞ ከኢትዮጵያ ጋር ውል አልነበራቸውም፤ ስለዚህ የሚገደዱበትም ነገር አልነበረም። ኢንስቲትዩቱ ውሉን ለማስፈጸም ደብዳቤ ቢጽፍ የሚቀበለው አድራሻ አልነበረም።

አዋጁን የሚያስፈጽመው ደንብ የወጣው በዚያው በ2009 ነው።

ከ2010 እስከ 2014፦ ናጎያ

የጤፉን ታሪክ ከሥሩ መርምረው ለዓለም ያሳወቁት የኖርዌይ ፍሪድዮፍ ናንሰን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ናቸው፤ ጥናታቸው በ2012 ወጣ። ያስቀመጡት ትምህርት ቀላል ነው፦ ሰጪው አገር ብቻውን ሊጠብቅ አይችልም፤ ዘሩን የሚጠቀመው ኩባንያ የሚገኝበት አገርም ሕግ ሊኖረው ይገባል። በ2010 በጃፓን ናጎያ የጸደቀውና በ2014 በሥራ ላይ የዋለው ፕሮቶኮል የሚለው ይህንኑ ነው። ተጠቃሚ አገሮች በግዛታቸው ጥቅም ላይ የሚውለው ዘር በፈቃድ የወጣ መሆኑን እንዲያጣሩ ያስገድዳል። ኢትዮጵያ በ2012 ተቀላቀለችው። ለጤፉ ግን አልደረሰለትም።

2018–2019፦ ሄግ

ፓተንቱን የያዘው ኤንሸንትግሬይን የተባለው ድርጅት ቤከልስ ሲኒየር የተባለውን ሌላ የሆላንድ የዳቦ ግብአት አምራች መብቴን ጥሷል ብሎ ከሰሰ። ቤከልስ አልከፍልም ብቻ ሳይሆን ፓተንቱ ራሱ ዋጋ የለውም ብሎ ተከራከረ። የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2018 ፈረደ፤ በፓተንቱ ውስጥ ለዘርፉ ባለሙያ ግልጽ ያልሆነ፣ ፈጠራ የሚያሰኝ እርምጃ የለም፤ ስለዚህ ውድቅ ነው። ድርጅቱ ይግባኝ አላለም። ዜናው አዲስ አበባ የደረሰው በየካቲት 2019 ነው፤ የደስታው ብዛት የሚረሳ አይደለም። ዲፕሎማቶች በማኅበራዊ ሚዲያ አበሰሩት፣ ጋዜጦች “ጤፋችን ተመለሰ” ዓይነት ርዕስ አወጡለት።

ደስታው ተገቢ ነበር። ቢሆንም በችሎቱ ላይ ኢትዮጵያ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም። ሁለት የሆላንድ ነጋዴዎች ስለ ጤፍ ዱቄት ተካሰሱ፣ አንዱ አሸነፈ። ፍርዱም የሠራው በሆላንድ ላይ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ አገሮች የነበረው ፓተንት በየአገሩ ችሎት መክሰስን ይጠይቅ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ለጤፍ አብቃዩ ገበሬ የደረሰው ካሳ የለም፤ የቀረለት ከሰው ገበያ መከልከሉ ነው።

2014–2025፦ ዘሩ ወደ ኮምፒውተር ገባ

ከሄግ ፍርድ በፊት ሌላ ነገር ተከናውኖ ነበር። በ2014 በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን የጤፍን የዘር ቅደም ተከተል ለመጀመሪያ ጊዜ አሳተመ፤ መሪው ኢትዮጵያዊው ዶክተር ዘሪሁን ታደለ ናቸው። የተነበበው ጸደይ የተባለው የኢትዮጵያ ዝርያ ነው። ዓላማው ጤፍ በቁመቱ ምክንያት እንዳይጋሸብ ማድረግና ምርቱን ማሳደግ ነው፤ ለኢትዮጵያ ገበሬ የሚጠቅም ሥራ ነው። የተነበበው መረጃ ግን በዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ውስጥ ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ የጤፍን የዘር ባሕርይ ለመጠቀም የሚሻ ኩባንያ 1,440 ኪሎ ዘር ማጓጓዝ አያስፈልገውም፤ ፈቃድ የሚጠይቅበት ድንበርም አያቋርጥም። አዋጅ 482ም ሆነ ናጎያ የተጻፉት በእጅ የሚያዝ ዘርን አስበው ነው።

አፍሪካውያን ተደራዳሪዎች ይህን ክፍተት ለዓመታት ሲጮኹበት ቆይተው፣ በ2022 ሞንትሪያል ላይ ከእንዲህ ያለ መረጃ የሚገኝ ጥቅም እንዲጋራ ስምምነት ተደረሰ። በ2024 ኮሎምቢያ ካሊ ላይ ዝርዝሩ ወጣ። መረጃውን የሚጠቀሙ ትልልቅ የመድኃኒት፣ የመዋቢያና የዘር ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ ለአንድ ዓለም አቀፍ ፈንድ እንዲያስገቡ፣ ከገንዘቡም ቢያንስ ግማሹ ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች እንዲደርስ ተወሰነ። የካሊ ፈንድ በየካቲት 2025 ተከፈተ። ተወልደ ብርሃን ይህን ለማየት አልደረሱም፤ በ2023 አርፈዋል።

ክፍያው በኩባንያዎቹ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። ወደ ፈንዱ የገባው የመጀመሪያ መዋጮ ከአንድ አነስተኛ የብሪታንያ ኩባንያ የመጣ 1,000 ዶላር ነበር። የቀረው ጥያቄ አገሮች ራሳቸው፣ በየፓርላማቸው፣ ክፍያውን ግዴታ ያደርጉታል ወይ የሚለው ነው። እኛ ዘንድ የቀረው ሥራ ደግሞ እዚሁ አገር ውስጥ ነው፦ ለማኅበረሰብ የሚደርሰውን ድርሻ ማን ስም ላይ፣ በየትኛው የገበሬ ማኅበር፣ በምን ሒሳብ እንደሚገባ መወሰን፤ በሚቀጥለው ውል ላይም ከኢንስቲትዩቱ ፊርማ አጠገብ የገበሬዎቹን ወኪል ፊርማ ማስፈር።